የዓሣ ማጥመጃ ቀን አመራረጥ፦ ከውሃው ጀምሩ፣ ጨረቃዋ መጨረሻ ትድረስ

ዓሣ አጥማጅ ቀን ሲመርጥ የሚያየው ነገር ብዙ ነው። አንዱ የስልኩን የአየር ትንበያ ያያል፣ ሌላው የጨረቃ ሠንጠረዥ ያገላብጣል፣ ፈቃድ የሚጠይቀው ደግሞ የአለቃውን ፊት ያያል። ሁሉም ይጠቅማሉ። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጨረቃዋን አስቀድሞ ወቅቱን ይረሳል። እኔ የምመክረው ግልባጩን ነው። መጀመሪያ የውሃው ሙቀት፣ ቀጥሎ የሰሞኑ አየር፣ ከዚያ ሰዓቱ፣ ጨረቃዋ መጨረሻ። እዚህ የማወራው ስለ ሐይቅ፣ ወንዝ፣ ግድብና ኩሬ ነው። ባሕር ሌላ ዓለም ነው።

1. የምትፈልጉትን ዓሣ ወስኑ

"ዓሣ ላጠምድ" ብሎ መነሳት አይበቃም። የትኛውን ዓሣ? የዓሣ ሰውነት ሙቀት የሚወሰነው በውሃው ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላውን የሚፈጭበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይወርዳል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅን ያጥረዋል። ለእያንዳንዱ ዝርያ የሚመቸው ሙቀት ግን የተለያየ ነው።

ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በደንብ ይበላል፣ ከ20 ሲያልፍ ይጨነቃል። ካርፕ ከ20 በላይ ሲሆን ይነቃቃል። ቆሮሶ የሙቀት ዓሣ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ይመቸዋል፣ ከ20 ሲወርድ ይደነዝዛል። አምባዛ በማሽተትና በመዳሰስ ስለሚያድን ጨለማና ድፍርስ ውሃ አያስቸግረውም። ስለዚህ ለአንዱ "መጥፎ" የሆነ ቀን ለሌላው ግብዣ ሊሆን ይችላል።

2. ወቅቱን በቴርሞሜትር አንብቡ

የቀን መቁጠሪያ ግምት ብቻ ነው የሚሰጠው። ርካሽ ቴርሞሜትር በክር አስራችሁ ውሃ ውስጥ ብትከቱ የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ። ጠዋትና ከሰዓት፣ ዳር ላይና ጥልቅ ቦታ ለኩ። አየሩ ሞቀ ማለት ውሃው ሞቀ ማለት አይደለም። ትልቅ ሐይቅ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ሳምንታት ይፈጅበታል።

አራት ወቅት በሚፈራረቅበት አገር ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። በጸደይ መጀመሪያ የሚሞቀው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው፣ በተለይ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘውና ወለሉ ጥቁር ጭቃ የሆነው። ዓሣው ወደዚያ ይመጣል። ያኔ ማለዳ መነሳት ብዙም አያስፈልግም። ፀሐይ ውሃውን ካሞቀች በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ብትደርሱ ይሻላል።

በበጋ ሙቀት ጥልቅ ሐይቅ በንብርብር ይከፈላል። ሞቃቱ ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተኛል፣ በመካከላቸው ሙቀቱ በድንገት የሚወርድበት ቀጭን ንብርብር አለ። ዋና ስትዋኙ እግራችሁ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ነክቶት ካወቀ እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ዓሣው ሙቀት ሸሽቶ ታች ወርዷል" ብሎ መንጠቆውን እስከ ወለሉ ይሰዳል። የታችኛው ውሃ ግን ከአየር ጋር ስለማይገናኝ፣ ብዙ ብስባሽ ባለበት ሐይቅ ኦክስጅኑ ሊያልቅ ይችላል። እዚያ የወረደ ትል ጠያቂ የለውም። ከዚህ ንብርብር ትንሽ ከፍ ብላችሁ አጥምዱ።

በመጸው የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ሐይቁም ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል። በዚያ ሰሞን ውሃው ይደፈርሳል፣ አንዳንዴ ይሸታል፣ ዓሣውም ይበታተናል። ለተወሰኑ ቀናት ሐይቁን ትታችሁ ወንዝ ሂዱ። ድብልቁ ሲረጋ ግን ዓሣው ለክረምቱ ስለሚበላ ጥሩ ጊዜ ይመጣል። ክረምት ከገባ በኋላ ጥልቁን ፈልጉ። ውሃ በጣም የሚከብደው በ4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ላዩ በረዶ ሲሠራ እንኳ ወለሉ ከላዩ የሞቀ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሞቃት በሆነ አገር ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥረው ቴርሞሜትር ሳይሆን የውሃው ከፍታ ነው። ዝናብ ሲገባ ውሃው ሞልቶ ሣር የበቀለበትን ሜዳ ያጥለቀልቃል። ዓሣው ነፍሳትና ትል ፍለጋ ወደ ሣሩ ይገባል፣ በሰፊው ይበተናል፣ ለማግኘትም ያስቸግራል። ውሃው መጉደል ሲጀምር ግን ወደ ዋናው ቦይ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ጠባብ መውጫዎችን፣ የገባር ወንዝ አፎችን፣ የወንዝ መታጠፊያ ጉድጓዶችን ያዙ። ለጀማሪ ከሁሉም የሚመቸው ይህ የመጉደያ ወቅት ነው።

3. የመራቢያ ወቅትን አጣሩ

እንቁላል በሚጥልበት ሰሞን ዓሣ ዳር ይወጣል፣ ለመያዝም ይቀላል። በብዙ ቦታ በሕግ የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ የትኛው ወር እንደተዘጋ፣ ስንትና ምን ያህል መጠን ያለው ዓሣ መውሰድ እንደሚቻል ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ።

4. ሦስት ቀን ሲቀር አየሩን መከታተል ጀምሩ

የዕለቱ ትንበያ ብቻ አይበቃም። ዋናው ጥያቄ "ሰሞኑን አየሩ ተለዋወጠ ወይስ ረጋ?" የሚለው ነው። ለሦስት አራት ቀን የረጋ አየር ዓሣውን ወደ ልማዱ ይመልሰዋል፣ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ይበላል። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ግን ይህን ሁሉ ያፈርሳል። ኃይለኛ ዝናብ አልፎ ሰማዩ ጥርት ያለበት፣ ለሽርሽር ግን የሚያምረው ማግስት ለዓሣ ብዙ ጊዜ ደካማ ቀን ነው። ምርጫ ካላችሁ ከዝናቡ በፊት ያሉትን ሰዓታት ውሰዱ።

ስለ አየር ግፊት ብዙ ይወራል። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያው) ሲወርድ ዓሣ ይበላል፣ ሲወጣ አፉን ይዘጋል ይባላል። ልምዱ ከሞላ ጎደል እውነት አለው። ምክንያቱ ግን ግፊቱ ራሱ ነው ብዬ አላምንም። እስቲ አስሉት። አንድ ሜትር የውሃ ጥልቀት ወደ 100 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚጠጋ ግፊት ይጨምራል። ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ የሚያመጣው ለውጥ ደግሞ 20 ወይም 30 ሄክቶፓስካል ቢሆን ነው። ይህን ዓሣው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ በማለት ያካክሰዋል፣ ያውም በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ። ይልቅ ግፊት ሲወርድ ደመናና ነፋስ አብረው ይመጣሉ፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አዳኙ ዓሣ ይደፍራል። ስለዚህ ባሮሜትሩን እንደ ዜና አንባቢ ቁጠሩት፤ ዜናውን ይነግራል እንጂ አይሠራውም።

ነፋስን ግን አትናቁ። አጥማጅ ሁሉ የተረጋጋ ውሃ ያምረዋል፣ መወርወርም ይቀላል። ዓሣው ያለው ግን ብዙ ጊዜ ማዕበል የሚመታው ዳርቻ ላይ ነው። ነፋስ የሞቀውን የላይ ውሃና በዓይን የማይታዩትን ተንሳፋፊ ሕይወቶች ወደዚያ ይገፋል። ትናንሽ ዓሦች ይከተላሉ፣ ትልልቆቹም እነሱን ይከተላሉ። ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ቀን ከነፈሰ ቦታ መምረጡ አለቀላችሁ። ፊታችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ወርውሩ። ክንዳችሁ ቢደክምም ያዋጣል።

ዝናብ እንደ መጠኑ ነው። ቀላል ዝናብ ነፍሳትን ያራግፋል፣ ውሃውን በትንሹ ያደፈርሳል፣ ጥሩ ነው። ጎርፍ ያመጣው ቡና የመሰለ ውሃ ለአምባዛ ካልሆነ በቀር ተስፋ የለውም። ወንዝ እየሞላ ሳለ አትሂዱ፤ መጉደልና መጥራት ሲጀምር ሂዱ። ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ ድፍርሱ የገባር ወንዝ ውሃ ከጠራው ውሃ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ፈልጉ። አዳኝ ዓሣ ድፍርሱ ውስጥ ተደብቆ የጠራውን ይጠብቃል።

5. ሰዓቱን ለዩ

ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ የሚለው ምክር ያረጀ ቢሆንም ይሠራል። ብርሃን ሲደበዝዝ አዳኙ ዓሣ ከሚታደነው የተሻለ ያያል። ግን ሁለት ጊዜ ይከሽፋል። አንዱ ከላይ ያልነው ነው፤ በቀዝቃዛ ወቅት ከሰዓት ይሻላል። ሁለተኛው በሞቃት ወቅት ሣር የበዛበት ኩሬ ነው። ዕፅዋት ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ ሌሊት ግን እነሱም ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት ኦክስጅኑ ዝቅ የሚለው ልክ ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። እንዲህ ያለ ኩሬ ጋ በጨለማ ደርሶ ከመንቀጥቀጥ ቁርስ በልቶ መሄድ ይሻላል። ምሽቱም ጥሩ ነው።

6. አሁን ጨረቃዋን እዩ

የብዙዎቹ የዓሣ ማጥመጃ ሠንጠረዦች መነሻ ጆን አልደን ናይት የተባለ አሜሪካዊ በ1926 ያቀረበው የሶሉናር (የፀሐይና የጨረቃ) ሐሳብ ነው። በሐሳቡ መሠረት ጨረቃ ከአናት በላይ ስትሆንና በምድር ተቃራኒ በኩል ስትሆን "ዋና" የመብያ ጊዜ አለ፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ስትወጣና ስትጠልቅ ደግሞ አጠር ያለ ጊዜ አለ። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ከሁሉም ይበልጣሉ ይላል።

ባሕር ላይ የውሃው ከፍታ በየዕለቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ጨረቃ ግልጽ ሥራ አላት። ሐይቅ ላይ ግን ትልልቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች እንኳ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ እኔ ከስበቷ ይልቅ ብርሃኗን አምናለሁ። በቪክቶሪያና በታንጋኒካ ሐይቆች ላይ ትናንሽ ዓሦችን በፋኖስ የሚያጠምዱ ሰዎች ሥራቸው በጨለማ ሌሊቶች ነው። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ፋኖሱ መሳብ ስለሚያቅተው ብዙዎቹ ያርፋሉ። ይህ የዓመታት የእንጀራ ጉዳይ ነው፣ ተራ እምነት አይደለም።

ለእኛ ደግሞ እንዲህ ተጠቀሙበት። ሌሊት በዘንግ የምታጠምዱና በዓይን የሚያድን ዓሣ የምትፈልጉ ከሆነ በሙሉ ጨረቃ ዙሪያ ያሉትን ቀናት ውሰዱ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ግን ዓሣው ሌሊቱን ሲበላ አድሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ማለዳ ላይ ባይበላ አትገረሙ። ቀን ብቻ ለምታጠምዱ የጨለማው ሰሞን ማለዳ ይሻላል።

ሠንጠረዡን ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ሙሉና አዲስ ጨረቃ ሲሆን "ዋናው" ጊዜ እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት አካባቢ ይወድቃል። ግማሽ ጨረቃ ሲሆን ግን ከጎህና ከምሽት ጋር ይገጥማል። ሁሉም የሚንቀው ግማሽ ጨረቃ በራሱ በሠንጠረዡ ሒሳብ ጥሩ ሰዓት ይዞ ይመጣል ማለት ነው። እውነት መሆኑን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሠንጠረዡን ሳታዩ ሂዱ፣ ዓሣ መንጠቆውን የነካበትን ሰዓት ሁሉ ጻፉ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ አስተያዩ። አስቀድማችሁ ካያችሁት በ"ጥሩው" ሰዓት ብቻ ስለምትተጉ ሠንጠረዡ ሁልጊዜ ትክክል ይሆናል።

7. ሁሉን አንድ ላይ አድርጉት

በጸደይ ካርፕ ፈለጋችሁ እንበል። ሁለት ቅዳሜ ነጻ ናችሁ። በመጀመሪያው ሙሉ ጨረቃ አለች፣ ግን ሐሙስ ቅዝቃዜ ገብቶ ውሃው ከ17 ወደ 13 ዲግሪ ወርዷል። በሁለተኛው ጨረቃዋ ምንም አይደለችም፣ አየሩ ግን አራት ቀን ረግቶ ውሃው 18 ደርሷል፣ ለስላሳ ነፋስም ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ይገፋል። ያለማመንታት ሁለተኛው። ከሰዓት በኋላ፣ ምሥራቁ ዳር፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ። ሁለቱም ቅዳሜዎች በሙቀትና በአየር እኩል ቢሆኑ ኖሮ ያኔ ጨረቃዋ ትፍረድ።

8. የምትቀሩበትንም ወስኑ

ይህን ዋዜማው ላይ ወስኑት፣ ውሃ ዳር ቆሞ መወሰን ይከብዳል። ነጎድጓድ ከተተነበየ ጀልባ አይወጣም። የካርቦን ፋይበር ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሜዳ ላይ ከፍ አድርጎ መያዝ መብረቅ መጥራት ነው። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ። ድምፁ ከ30 ሰከንድ በፊት ከደረሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። ዘንጉን አስቀምጡ፣ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ግቡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ትራውት ይዛችሁ የምትለቁ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ተዉት። የለቀቃችሁት ዓሣ ዋኝቶ ቢሄድም፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ ከታገለ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል።