ሾክ ጭነት አይሸከምም፦ ተሳቢ የምትጎትቱ ሾፌሮች ሾክ ስትቀይሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ሾፌር ከነተሳቢው መጥቶ ኮምቦልቻ ያለው ጋራዣችን በር ላይ ቆመ። ከሚሌ በባቲ በኩል ተጭኖ መውጣቱ ነው። ከጋቢናው ሳይወርድ፣ "ጋሼ፣ ያለህን ጠንካራ ሾክ ግጠምልኝ፤ ጭነቱ ከብዶት ፊቱ ወረደ" አለኝ።

ይህችን ነገር ስሰማ ስንት ዓመቴ! ደሴ ተለማማጅ ሆኜ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ይህንኑ ይዞ የሚመጣ ሰው አላጣሁም። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

"አብሽር" አልኩት፤ "ውረድና መጀመሪያ ከሥር እንግባ።"

ሾክ ይሸከማል ብሎ ማመን

አይሸከምም። የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ከሥር ያለው ተደራራቢ ብረት ነው። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ባሌስትራው ይታጠፋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘረጋል። የሚይዘው ካጣ እንደገና ይታጠፋል፣ እንደገና ይዘረጋል፤ መኪናው እየተወዛወዘ ይሄዳል። ሾኩ የሚያበርደው ይህን ውዝዋዜ ነው። ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። የውዝዋዜው ጉልበት ሙቀት ይሆንና በሾኩ አካል በኩል ወደ አየር ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው።

በቆመ መኪና ላይ 400 ኩንታል ብትጭኑ ሾኩ አያግዛችሁም። ጋዝ ያለው ሾክ ትንሽ ይገፋል፤ እሱም ለከባድ መኪና ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ፊቱ የወረደ መኪና ወይ ባሌስትራው ደክሟል፣ ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ከልኩ በላይ ተጭኗል። የዚያን ሾፌር መኪና በባትሪ አየሁት። በግራ በኩል ከተደራረቡት ብረቶች ሦስተኛው መሃል ላይ ተሰብሯል። አዲስ ስብራት ያብለጨልጫል፤ ይህኛው ቡናማ ሆኗል። ዝገት ገብቶበታል። ሰውየው በተሰበረ ባሌስትራ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እሱም አላወቀም።

"ጠንካራ ቢሆንስ ምን ይጎዳል?" የሚለኝ አለ። ጉዳቱ መመለሻው ላይ ነው። እዚህ ኮምቦልቻ ወዳለው ደረቅ ወደብ ሲመጣ ተጭኖ ነው፤ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። ባዶ መኪና ላይ ከመጠን በላይ የጠነከረ ሾክ ባሌስትራውን አያላውሰውም። ጎማው የመንገዱን ጉብታ ተከትሎ መውረድ ሲገባው አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። ከባቲ በታች ባለው ቁልቁለት ባዶውን ሲወርድ መሪው እጁ ላይ የጨፈረበት ሾፌር አውቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት "ጠንካራውን" ያስገጠመ ነበር። እኔ ጋ አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ።

ሾክ የሚመረጠው ለባሌስትራው ነው። ባሌስትራው ባለበት ካለ ከፋብሪካው ልክ ብዙ አትራቁ። የተሻለ ከፈለጋችሁ ዘይቱ ቶሎ የማይደክመውን ፈልጉ፤ መጠንከሩ ሌላ ነገር ነው።

የሌለውን ሾክ ለመቀየር መምጣት

"የኋላውንም፣ የተሳቢውንም ቀይርልኝ" ይላሉ። ጎንበስ ብላችሁ አይታችኋል? ሁለት የኋላ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ የሚይዘው ብረት) ያላቸው ብዙ ከባድ መኪናዎች ከኋላ ሾክ የላቸውም። በባሌስትራ የሚሄድ ተሳቢም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። የተደራረበው ብረት እርስ በርሱ ሲፋተግ ራሱ ውዝዋዜውን ይይዛል። ባለ አየር ከረጢት ተሳቢ ግን ሾክ አለው፤ እዚያ ሾኩ ከረጢቱ ከልኩ በላይ እንዳይለጠጥ ማቆሚያም ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ ረዘም ያለ ሾክ ብትገጥሙለት ከረጢቱን ትቀዱታላችሁ።

በባሌስትራ ለሚሄደው መኪናችን ትልቁ ሥራ የፊቶቹ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ አስቡት። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ትወርዳላችሁ። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ተሳቢው ደግሞ ከኋላ ይገፋል። አፍንጫው ይደፋል፣ ይነሳል፣ ይደፋል። እዚያ የደከመ የፊት ሾክ ያለው ሰው ላቡን ሲጠርግ አይቻለሁ።

ሳይለኩ መግዛት

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። ደሴ እያለሁ ነው። የአንድ መኪና ፊት ላይ ባሌስትራ ጨምረን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው። ከዚያ አሮጌውን ሾክ ይዤ ሱቅ ሄድኩና "የዚህን እኩያ" ብዬ ገዛሁ። አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ገጠምኩት። ልብ ያላልኩት ነገር፣ መኪናው ከፍ ስላለ ሾኩ ቆሞ እያለ ራሱ ሊዘረጋ የቀረው ጥቂት ነበር። ጉድጓድ በገባ ቁጥር መጨረሻው ላይ እየደረሰ ያንቀጫቅጫል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የላይኛው መያዣ ከሻንሲው፣ ከመኪናው ዋና የብረት አካል፣ ተገንጥሎ መጣ። አለቃዬ ምንም አላለኝም። የተገነጠለውን ብረት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሜትር ሳልይዝ ሱቅ አልሄድም። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከላይኛው መያዣ እስከ ታችኛው ስንት እንደሆነ እለካለሁ። ባሌስትራው እስከ ላስቲክ ማቆሚያው ሲታጠፍ ስንት እንደሚቀረውም እለካለሁ። ሾኩ ሲዘረጋ ከመጀመሪያው ቁጥር መብለጥ አለበት፤ ሲታጠፍ ከሁለተኛው ማነስ አለበት። በሁለቱም በኩል ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ እተዋለሁ። ረጅሙ ሾክ ከአጭሩ አይሻልም፤ እሱ ደግሞ ሲታጠፍ መጨረሻው ላይ እየተመታ ዘንጉ ይጣመማል፣ ውስጡ ይሰበራል።

አንዱን ብቻ መቀየር። አይሆንም፣ የግራውንም የቀኙንም።

ነጠላ ወይስ ድርብ ቱቦ?

ሻጩ "ይሄ ነጠላ ቱቦ ነው፣ ይበልጣል" ካለ ውሸታም አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ። በነጠላ ቱቦው ውስጥ ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ከዘይቱ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ዘይቱ አረፋ አይሠራም። ሙቀትም በቀላሉ ያወጣል። ለረጅም ቁልቁለትና ለሻካራ መንገድ ጥሩ ነው። ግን ፒስተኑ የሚሄደው በራሱ በውጪው ግድግዳ ላይ ነው። አንድ ድንጋይ ዘሎ ቢያጎደጉደው አለቀለት። ድርብ ቱቦው ውጪው ቢጎደጉድም ውስጡ ሊሠራ ይችላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጠጠር ወደሚበዛበት የምትገቡ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ድርብ ቱቦ ከገዛችሁ ደግሞ ሳጥኑ ሱቅ ውስጥ ተጋድሞ ነው የከረመው። ከመግጠማችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና አራት አምስት ጊዜ በእጅ ሳቡት፣ ግፉት። ውስጡ የገባው አየር ቦታውን ይይዛል። ይህን የማያውቅ ሰው "አዲሱ ሾክ ይንሸራተታል" ብሎ ይመልሰዋል።

ዘንጉን በፒንሳ መያዝ

ዳዶውን ሲያጠብቁ ከሾኩ የሚወጣው ዘንግ አብሮ ይዞራል፤ ልጁ ይናደድና በፒንሳ ይይዘዋል። የሚያብለጨልጨው ዘንግ ላይ ጥርስ ይቀራል። ያ ጭረት በወጣና በገባ ቁጥር ዘይት የሚይዘውን ላስቲክ እንደ መጋዝ ይበላዋል። አዲሱ ሾክ በወሩ ያለቅሳል። ለተለማማጆቼ አሮጌ ዘንግ ሰጥቼ በጥፍራቸው ጭረቱን እንዲያገኙት አደርጋለሁ። ካገኙት በኋላ አይረሱትም።

መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ብሎኑን ማጥበቅ

ሾኩ ጫፍ ላይ ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ አክስሉ በተንጠለጠለበት ልክ ተይዞ ይቀራል። መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ነው፤ ቶሎ ይቀደዳል። መጀመሪያ በእጅ አስገቡት፣ መኪናውን አውርዱት፣ ከዚያ አጥብቁ።

ዘይት ማስሞላት

እዚህ ላይ ትዕግስት የለኝም። ያለቀውን ሾክ በስቶ ወይም በጥሶ፣ የሞተር ዘይት ሞልቶ፣ በይዶ መመለስ። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ሾክ ውስጥ የሚገባው ግን ቀጭን ዘይት ነው፤ ቀዳዳዎቹ የተሠሩት ለእሱ ነው። የሞተር ዘይት ደሴ ላይ በጥር ጠዋት ይወፍራል፤ መኪናው ሾክ ሳይሆን ብረት የተገጠመለት ይመስላል። ያው መኪና በማግሥቱ 500 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሚሌ ሲወርድ ሙቀቱ ያቀጥነዋል። ጠዋትና ማታ የሚለዋወጥ መኪና እንዴት ይነዳል? ጋዝ ያለው ሾክ ላይ ከሆነማ ብየዳ በጭራሽ አታስጠጉ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ሾኩ ላይ ትንሽ እርጥበት ካያችሁ አትደናገጡ። ስስ ላብ የተለመደ ነው። ዘይቱ ወርዶ አቧራ ጠጥቶ ጭቃ ከሆነ ግን አልቋል።

ተሳቢው ሲወዛወዝ ሁሉንም በሾክ ማሳበብ

የጎማ ንፋስ እዩ። ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘውን የጋንቾውን መበላት እዩ። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ኋላ ተጠቅጥቆ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ኑ። የፊት ጎማ ዙሪያውን በማንኪያ የተቆነጠረ መስሎ እየተበላ ከሆነ ግን ሾኩን መጠርጠር ያስኬዳል።

ወደዚያ ሾፌር ልመለስ። ከሥር ገብተን ሳለ እጄን ወደ ግራው ሾክ አስጠጋሁ፤ ይሞቃል። ከባቲ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሾክ ከሻንሲው በላይ መሞቅ አለበት፤ ሙቀቱ መሥራቱን ይናገራል። እንዳትቃጠሉ መጀመሪያ በእጃችሁ ጀርባ ሞክሩ።

ከዚያ የእሱን እጅ ይዤ የቀኙን አስነካሁት።

"ቀዝቃዛ ነው" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚዋልለው?"

ትንሽ አሰበ። "ከረመዳን ወዲህ" አለ።

ባሌስትራውን ቀየርንለት፤ ሁለቱንም የፊት ሾኮች በፋብሪካው ልክ ገጠምንለት። ከአሰበው ያነሰ ከፈለ። ሻዩን ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት።