ፈረንሳይ ውስጥ ሠራተኛ ያላቸው ሰዎች እየደጋገሙ የሚወድቁባቸው ስህተቶች

ከ2023 ወዲህ በፈረንሳይ የሥራ ሕግ ላይ የገቡት ለውጦች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ አሠሪው የሚጠበቅበትን ወረቀት በጊዜው ካልጻፈ ዕዳው እሱው ላይ ይቀራል። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን የሚከታተል ክፍል አላቸው። ሁለት አብሳይና ሦስት አስተናጋጅ ይዞ ምግብ ቤት የሚያሠራ ወይም አምስት ሰው ይዞ የጽዳት ሥራ የሚወስድ ሰው ግን የለውም። «ኮንታብሉ (ሒሳብ ሠራተኛው) ያየዋል» ብሎ ይተወዋል፤ ኮንታብሉም ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሞ የተኛ ሰው የዓመት ፈቃድ አይጠራቀምለትም ብሎ ማሰብ

ይህን ዛሬም የሚል አሠሪ መስማት ትዕግሥት ያስጨርሳል። ኮር ደ ካሳሲዮን (የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት) የአውሮፓን ሕግ ጠቅሶ የቀድሞውን አሠራር የሻረው ሴፕቴምበር 13 ቀን 2023 ነው። የኤፕሪል 22 ቀን 2024 ሕግ ነገሩን በሥራ ሕጉ ውስጥ አስገባው፤ ኤፕሪል 24 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሕመሙ ከሥራ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ሠራተኛው በወር 2 የሥራ ቀን፣ በዓመት እስከ 24 ቀን ያገኛል። የሥራ ላይ አደጋ ወይም ከሥራ የመጣ በሽታ ከሆነ እንደማንኛውም ሠራተኛ በወር 2.5፣ በዓመት 30 ቀን ነው፤ ድሮ የነበረው የአንድ ዓመት ጣሪያም ተነሥቷል። እዚህ ላይ «የሥራ ቀን» ሲባል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት ስድስቱ ናቸው። የደመወዝ ፕሮግራማችሁ በሳምንት አምስት ቀን የሚቆጥር ከሆነ 24ቱ ቀን 20 ይሆናል፤ ሁለቱን መቀላቀል ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ስድስት ወር የታመመ ሰው ስንት ቀን አለው? 12፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ሳምንት። ፕሮግራሙ ግን ከ2024 በፊት እንደተስተካከለ ቀርቶ ከሆነ በየወሩ ዜሮ ይጽፋል፤ ልብ የሚለውም የለም።

የፈቃዱ ክፍያ ሲሰላ ደግሞ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ያለፈው ጊዜ በአንድ አሥረኛው ስሌት (የዓመቱን ደመወዝ አሥረኛ በሚያስከፍለው) ውስጥ የሚገባው በደመወዙ 80 በመቶ ነው። ይህም በፕሮግራሙ ውስጥ መስተካከል አለበት።

ቁጥሩን ያስተካከሉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቀጣዩ ላይ ይወድቃሉ። ሠራተኛው ከሕመም ፈቃድ ሲመለስ አሠሪው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ነገር ሊያሳውቀው ይገባል፤ ስንት የፈቃድ ቀን እንዳለውና እስከ መቼ ሊወስደው እንደሚችል። ሕጉ የሦስት ቀን ጉንፋንን ከስድስት ወር ሕመም አይለይም። ማሳወቂያው የደረሰበት ቀን የሚረጋገጥ እስከሆነ ድረስ በማንኛውም መንገድ ይሆናል፤ የደመወዝ ወረቀቱም ይበቃል። በሕመም ምክንያት ያልተወሰደው ፈቃድ ለ15 ወር ይሸጋገራል፤ 15 ወሩ የሚቆጠረው ግን ማሳወቂያው ለሠራተኛው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ካላሳወቃችሁ ሰዓቱ አይነሣም፣ ቀኖቹም አያልፉበትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሠራተኛው ሲለቅ ያ ሁሉ ቀን በገንዘብ ተቀይሮ ይመጣል። በየደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለው «ቀሪ ፈቃድ» የሚል ሳጥን ብቻውን አይበቃም፣ ቁጥር እንጂ ቀን የለውምና። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፤ «ይህን ያህል ቀን፣ እስከዚህ ቀን ድረስ» ይበል። ይኸው ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም።

ከዓመት በላይ ታሞ ላልተመለሰ ሰው ሕጉ የተለየ ነው። 15 ወሩ ፈቃዱ የተጠራቀመበት ዓመት ካለቀበት ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከሜይ 31፣ ያለ ማሳወቂያም መቁጠር ይጀምራል። 15 ወሩ ሳያልቅ ከተመለሰ ግን ማሳወቂያው እስኪደርሰው ቆጠራው ይቆማል።

ሕጉ ወደ ኋላም ይሄዳል፣ እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 2009። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል በሥራ ላይ ለነበረ ሠራተኛ የጥያቄው የመጨረሻ ገደብ ኤፕሪል 23 ቀን 2026 ነው፤ ከኤፕሪል 24 ቀን 2024 በፊት ለለቀቀ ሰው ደግሞ ውሉ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይቆጠራል። የድሮ ሠራተኛ ደብዳቤ ከላከላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው፣ ከዚያ የሕመም ቀኖቹን።

በሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ሁለት ፍርዶች ተጨመሩ። አንደኛው፦ ፈቃድ ላይ እያለ የታመመ ሰው የሐኪሙን ወረቀት ለአሠሪው ካሳወቀ በሕመም ያለፉት የፈቃድ ቀኖች ይመለሱለታል። ይህ ማለት ፈቃዱን በራሱ ሥልጣን ያራዝማል ማለት አይደለም፤ ቀኖቹ ወደ ቋቱ ተመልሰው ሌላ ጊዜ ይወሰዳሉ። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያላየው ነው፦ የትርፍ ሰዓት በሳምንት ሲቆጠር የዓመት ፈቃድ ቀንም ይገባል። ሰኞን በፈቃድ (7 ሰዓት) አሳልፎ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ 32 ሰዓት የሠራ ሰው 39 ሰዓት አለው፤ ከ35 በላይ ያሉት አራቱ እንደ ትርፍ ሰዓት ይከፈላሉ። የሙያ ዘርፋችሁ ስምምነት ሌላ ካላለ ጭማሪው 25 በመቶ ነው። ድሮ ይህ ሠራተኛ ያለ ጭማሪ ይሄድ ነበር።

ሠራተኛው ጠፋ፣ ስለዚህ ለቋል

ከኤፕሪል 19 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራውን ጥሎ የጠፋ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ እንደለቀቀ ሊቆጠር ይችላል። «ሊቆጠር ይችላል» የሚለው ቃል ይነበብ። ሕጉ ሥነ ሥርዓት አለው፤ ሥነ ሥርዓቱን የሚዘሉት ደግሞ አብዛኞቹ ናቸው።

በዋትስአፕ «ነገ ካልመጣህ ሥራህ አልቋል» ብሎ መላክ ማስጠንቀቂያ አይባልም። ማስጠንቀቂያው በሬኮማንዴ (በአደራ) ደብዳቤ፣ ወይም በእጅ ተሰጥቶ በፊርማ ይሆናል። ውስጡ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ለምን እንደቀረ እንዲያስረዳ ጥያቄ፣ ወደ ሥራ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን፣ ካልተመለሰ ደግሞ በፈቃዱ እንደለቀቀ እንደሚቆጠር ግልጽ ቃል። ሦስተኛውን ኮንሴይ ዴታ (ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት) በዲሴምበር 18 ቀን 2024 አጽንቶታል፤ ሠራተኛው የሚመጣበትን ነገር ካልተነገረው በፈቃዱ ለቋል የሚለው ግምት አይጸናም። በየቦታው የሚዘዋወረው የድሮ ናሙና ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህች አረፍተ ነገር ናት።

ገደቡ ከ15 ቀን ሊያንስ አይችልም። ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤውን ከላካችሁበት ቀን ሳይሆን ፖስተኛው በር ላይ ካቀረበበት ቀን ነው። ዛሬ ልካችሁ ከዛሬ 15 ቀን ብትቆጥሩ ሁለት ሦስት ቀን ታጎድላላችሁ፣ ያም ሁሉን ያፈርሳል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ከ20 ቀን ያላነሰ ቀጠሮ ጻፉ፣ የፖስታውንም መከታተያ ወረቀት አስቀምጡ።

ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ እንደለቀቀ አይቆጠርም፦ ሕመም፣ ከአደጋ ራስን ማራቅ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ ሕግ የሚጥስ ትእዛዝን እንቢ ማለት፣ አሠሪው የውሉን ዋና ነገር ለመቀየር ሲሞክር አለመቀበል። የሰዓት ሠሌዳውን ከቀን ወደ ሌሊት ገልብጣችሁ ሠራተኛው ካልመጣ፣ ሠራተኛው ጠፋ ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁ ያደረጋችሁትን እዩ። ጉዳዩ ፕሩዶም (የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት) ከሄደ በቀጥታ ፈራጁ ክፍል ፊት ይቀርባል። ቀጠሮው አልፎ ሳይመለስ ከቀረ ደግሞ የሥራ ምስክር ወረቀቱን፣ የመጨረሻውን ሒሳብና ለፍራንስ ትራቫይ (ለመንግሥት የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ) የሚሰጠውን ማረጋገጫ መስጠት ግዴታ ነው፤ ተናደን ይዘነዋል አይባልም።

የካርዱን ፎቶ በስልክ ተቀብሎ ሥራ ማስጀመር

ሐበሻ የሆነ አሠሪ ሐበሻ ሲቀጥር ይህ በብዛት ይፈጸማል፤ ሰውየውን ስለሚያውቀው ወረቀቱን አያይም። የካርት ደ ሴዡሩን (የመኖሪያ ፈቃዱን) ዋና ቅጂ ማየት፣ ከዚያም ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ለፕሬፌክቱሩ (ለአካባቢው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት) ልኮ ማስመርመር ግዴታ ነው። ፕሬፌክቱሩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካልመለሰ ግዴታችሁን እንደተወጣችሁ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የላካችሁበት ኢሜይል መጥፋት የለበትም። ሰውየው ሥራ ፈላጊ ሆኖ በፍራንስ ትራቫይ የተመዘገበ ከሆነ ይህ ምርመራ ይቀራል።

ወረቀቶቹን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። ስደተኛነቱ የጸደቀለት ሰው የ10 ዓመት ካርድ፣ ንኡስ ጥበቃ (ስደተኛ ባይባልም አገሩ ቢመለስ ለአደጋ ለሚጋለጥ የሚሰጥ) ያገኘ ደግሞ የ4 ዓመት ካርድ ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ይሠራሉ። የጥገኝነት ጠያቂ ማረጋገጫ ግን የሥራ ፈቃድ አይደለም። ኦፍፕራ (የጥገኝነት ጥያቄን የሚወስነው መሥሪያ ቤት) በስድስት ወር ውስጥ ካልወሰነለት አሠሪው የሥራ ፈቃድ ሊጠይቅለት ይችላል፣ ፈቃዱ ሳይመጣ ግን ሥራ የለም። ሬሴፒሴም (ካርዱ እስኪወጣ የሚሰጥ ጊዜያዊ ወረቀት) ከሆነ መሥራት እንደሚፈቅድ የሚናገረው መስመር መኖሩን አንብቡ፤ ያ መስመር የሌለው ሬሴፒሴም አለ። ተማሪ በዓመት ከ964 ሰዓት በላይ አይሠራም። የሁሉንም ካርድ ማብቂያ ቀን ከሁለት ወር በፊት የሚያስታውስ ነገር ስልካችሁ ላይ አስገቡ።

የጃንዋሪ 26 ቀን 2024 የኢሚግሬሽን ሕግ ቅጣቱን ቀይሯል። አስተዳደራዊ መቀጮው በአንድ ሠራተኛ እስከ 5,000 ጊዜ «ሚኒሞም ጋራንቲ» (መንግሥት የሚወስነው የማስሊያ መነሻ መጠን) ይደርሳል። በ2025 መግቢያ ይህ መጠን 4.22 ዩሮ ስለነበረ፣ ሒሳቡ 21,100 ዩሮ ይመጣል። ለደገመ ሰው እስከ 15,000 ጊዜ ያድጋል። የወንጀሉ ክስ ለብቻው ነው፦ እስከ አምስት ዓመት እሥርና በአንድ ሰው 30,000 ዩሮ። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ደግሞ የሠራበት ደመወዝ በሙሉ ይከፈለዋል፣ ሲሰናበትም ቢያንስ የሦስት ወር ደመወዝ ይገባዋል። «ረዳሁት እንጂ ምን አደረግሁ» የሚለው ለተቆጣጣሪ መልስ አይሆንም።

በስምምነት መለያየትን በችኮላ ማድረግ

ሩፕቲር ኮንቫንሲዮኔል ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። ቀኑ፦ ከተፈረመበት ማግሥት ጀምሮ ለሁለቱም ወገን 15 የቀን መቁጠሪያ ቀን የመጸጸቻ ጊዜ አለ፤ መጨረሻው ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከወደቀ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል። ከዚያ በኋላ በቴሌኤርሴ (ለዚሁ በተዘጋጀው የመንግሥት ድረ ገጽ) ተልኮ አስተዳደሩ 15 የሥራ ቀን ይወስዳል። ቀድሞ የላከ ሰው እንደገና ይጀምራል። ቅጂው፦ ለሠራተኛው የተፈረመ አንድ ቅጂ ካልሰጣችሁ ስምምነቱ ሊፈርስ ይችላል፣ ስለዚህ መቀበሉን አስፈርሙ። ወጪው፦ አሠሪው በካሣው ላይ የሚከፍለው መዋጮ በሴፕቴምበር 2023 ወደ 30፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ወደ 40 በመቶ ወጥቷል። 5,000 ዩሮ ካሣ የተስማማ ሰው 2,000 ዩሮ ተጨማሪ ለዩርሳፍ (ለመዋጮ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ያዘጋጅ።

በአጭሩ የሚታለፉ

የሴዴዴ (ጊዜው የተወሰነ ውል) ሠራተኛን በዚያው ሥራ በሴዴኢ (ማብቂያ በሌለው ውል) ለማስቀረት ከፈለጋችሁ፣ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ጥያቄው ውሉ ከማለቁ በፊት በጽሑፍ ይሁን፤ እንቢ ካለ በአንድ ወር ውስጥ ለፍራንስ ትራቫይ ይነገራል።

ከ11 እስከ 49 ሠራተኛ ያላችሁና ለሦስት ተከታታይ ዓመት ቢያንስ የሽያጫችሁን 1 በመቶ የተጣራ ትርፍ ያገኛችሁ፣ ከ2025 ጀምሮ ከሠራተኛው ጋር ትርፍ የምትካፈሉበት አንድ መንገድ መዘርጋት አለባችሁ።

ሙቀትም ሕግ ሆኗል። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ሜቴኦ ፍራንስ (የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ) ቢጫ፣ ብርቱካን ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ ባወጣ ቁጥር አሠሪው እርምጃ ይወስዳል፤ የቧንቧ ውሃ በሌለበት የሥራ ቦታ ለአንድ ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ያቀርባል። የአደጋ መመዝገቢያ ሰነዱ (ዴዩኤርፔ) ውስጥም ይግባ። አንድ ሠራተኛ ያለው ሰው እንኳ ይህ ሰነድ ሊኖረው ይገባል፣ ብዙዎቹ ግን የላቸውም።

ፒዲኤፍን ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ማድረግ

ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የቲቪኤ (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ሕግ የሚመለከተው ነጋዴ ሁሉ ከሌላ ድርጅት የሚመጣለትን ደረሰኝ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መቀበል ይጠበቅበታል። ከቲቪኤ ነጻ የሆነው ሚክሮ አንትረፕረነርም (በቀላል አሠራር የተመዘገበ የግል ነጋዴ) አይቀርለትም፤ «እኔ ቲቪኤ አላስከፍልም» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም። መላክ ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ኩባንያዎች በዚያው ቀን ይጀምራል፤ ለትንንሾቹ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2027።

በኢሜይል የተላከ ተራ ፒዲኤፍ አይቆጠርም። ደረሰኙ በፋክቱር ኤክስ፣ በዩቢኤል ወይም በሲአይአይ ቅርጽ ሆኖ መንግሥት በፈቀደለት መድረክ (ፕላትፎርም አግሬዬ) በኩል ያልፋል። ነጻ የመንግሥት መድረክ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅም አለ፤ ያ ዕቅድ በኦክቶበር 2024 ቀርቷል፣ ከመንግሥቱ በኩል የቀረው የተቀባዮች ማውጫና መረጃ መሰብሰቢያው ነው። ስለዚህ መድረክ ትመርጣላችሁ። መጀመሪያ ግን የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራማችሁን ወይም ኮንታብላችሁን የትኛውን እንደሚጠቀሙ ጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

በደረሰኙ ላይ የሚጨመሩትን አዳዲስ መስመሮች ካሁኑ አስገቡ፦ የደንበኛው ሲረን ቁጥር (የድርጅቱ መለያ)፣ ዕቃው የሚደርስበት አድራሻ ከደረሰኙ አድራሻ የተለየ ከሆነ፣ ሽያጩ የዕቃ ይሁን የአገልግሎት ወይም የሁለቱም፣ ቲቪኤውንም ገንዘቡ ሲገባ ሳይሆን ደረሰኙ ሲወጣ ለመክፈል መርጣችሁ ከሆነ ያንኑ። የድሮ ደንበኞቻችሁን ሲረን ቁጥር መሰብሰብ ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ነው፤ ኦገስት ላይ ደግሞ ስልክ የሚያነሣ የለም።