ከሶፍትና ከማርከር የሚሠራ ቢራቢሮ

ጸደይ ሲመጣ ልጆች ቤት ውስጥ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ከፈለጋችሁ ይቺን ሞክሯት። አንድ ነጭ ሶፍት (ወፈር ያለው፣ የኩሽናው ዓይነት ይሻላል) ዘርጉና ልጁ በማርከር እንደፈለገ ነጠብጣብና መስመር ይሙላበት። ቀለሙ ወደ ጠረጴዛው ስለሚያልፍ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ። ማርከሩ ግን የግድ በውሃ የሚለቅ መሆን አለበት፤ የማይለቀው ዓይነት ከሆነ ምንም አይፈጠርም፣ ልፋት ብቻ ነው።

ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው! ውሃው በወረቀቱ ክሮች መካከል እየተሳበ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። በተለይ ጥቁሩን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ ከተለያዩ ቀለማት ተደባልቆ ስለሚሠራ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ አንዳንዴም ቢጫ ብቅ ይላል። ልጆች አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩት። ውሃ አታብዙ ብቻ፣ ሁሉም ተደበላልቆ ቡናማ ይሆናል።

በደንብ ሲደርቅ መሐሉን ሰብስባችሁ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ ክንፎቹን ግራና ቀኝ ዘርጉና በክር መስኮት ላይ ስቀሉት። ብርሃን ሲያልፍበት የበለጠ ያምራል።