ለኤአይ ኤጀንት የወጪ ገደብ በጊዜያዊ ዋሌት ማበጀት

በራሱ ክፍያ የሚፈጽም የኤአይ ኤጀንት (በሰው ምትክ ሥራ የሚያከናውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ሲያሰማሩ «ከ5 ዶላር በላይ እንዳታወጣ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን ገደብ አይባልም። ኤጀንቱ በሚያነበው ድረ ገጽ ውስጥ የተደበቀ ተንኮለኛ ጽሑፍ ትእዛዙን ሊያስረሳው ይችላል፤ በብሎክቼይን (የዲጂታል ገንዘብ ዝውውሮች በሚመዘገቡበት የጋራ መዝገብ) ላይ የጸደቀ ክፍያ ደግሞ ላኪው ስለተጸጸተ አይመለስም። ስለዚህ ገደቡ ዋሌቱ (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳው) በያዘው ቀሪ ሂሳብ ላይ ይቀመጥ።

በመጀመሪያ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ዋሌት ይክፈቱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቁጠባቸው ባለበት ዋሌት ሁለተኛ አድራሻ ይጨምሩና ገንዘቡን የለዩት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ 12ቱ ወይም 24ቱ የማስመለሻ ቃላት ከእነርሱ የመነጩትን አድራሻዎች ሁሉ ስለሚከፍቱ፣ ቃላቱ ካፈተለኩ ቁጠባውም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ዋሌት የራሱ ቃላት ይኑሩት፤ የግል ቁልፉንም (ክፍያ ለመፈረም የሚያስችለውን ምስጢራዊ ኮድ) ለኤአይ ሞዴሉ በሚጽፉት መመሪያ ውስጥ ሳይሆን ክፍያውን በሚፈርመው ፕሮግራም ዘንድ ብቻ ያኑሩት።

ቀጥሎ ለሥራው የሚበቃውን ያህል፣ ዋጋው እንዳይዋዥቅ እንደ ዩኤስዲሲ ባለ ስቴብልኮይን (ዋጋው ከዶላር ጋር በተቆራኘ ዲጂታል ገንዘብ) ያስገቡ። የሚጠቀሙበት የብሎክቼይን ኔትወርክ ኢቴሪየም ወይም ቤዝ ከሆነ ለጋዝ (ዝውውሩን ለማስፈጸም ለኔትወርኩ ለሚከፈለው ክፍያ) ጥቂት ኢተር (የእነዚህ ኔትወርኮች መክፈያ ገንዘብ) ይጨምሩ። ዩኤስዲሲ በእነዚህ ኔትወርኮች 6 የአስርዮሽ ቦታዎች ስላሉት 5 ዩኤስዲሲ በኮዱ ውስጥ 5000000 ተብሎ ይጻፋል፤ አንዲት ዜሮ በስህተት ብትጨመር ክፍያው 50 ይሆናል። ዋሌቱ ውስጥ 5 ብቻ ካለ ግን ዝውውሩ ይከሽፋል፣ የሚባክነውም ቢበዛ የጋዙ ክፍያ ነው። ሂሳቡ ሲጎድል በራሱ እንዲሞላ የሚያደርግ ቅንብር ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ገደቡን ራስዎ እንደ ማፍረስ ነው።

ኤጀንቱ ለስማርት ኮንትራት (በብሎክቼይን ላይ በራሱ ለሚሠራ ፕሮግራም) የሚሰጠው ከዋሌቱ ገንዘብ የመውሰድ ፈቃድ ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች ወሰን የለሽ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ይህ ፈቃድ እስካልተሰረዘ ድረስ፣ ኮንትራቱ ዛሬ ባዶ ያደረጉትን ዋሌት ነገ ሲሞሉት ሊያራቁተው ይችላል። ያገለገለ ዋሌት ለሌላ ሥራ እንዳይደገም የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

እርግጥ ይህ ዘዴ ኤጀንቱ 5 ዶላሩን በማይረባ ነገር ላይ ከመጨረስ አያግደውም፤ የሚወስነው የጉዳቱን መጠን ነው።

ሥራው ሲያልቅ በቅድሚያ የተረፈውን ዩኤስዲሲ፣ ከዚያ ኢተሩን ወደ ዋናው ዋሌትዎ ይመልሱ፤ ኢተሩ ቀድሞ ከወጣ ዩኤስዲሲውን ለማንቀሳቀስ የሚከፈል ጋዝ አይኖርም። ተመላሽ ክፍያ ዘግይቶ ወደዚያው አድራሻ ሊገባ ስለሚችል፣ በፈራሚው ፕሮግራም ዘንድ ያለውን የግል ቁልፍ ቅጂ ያጥፉ እንጂ የእርስዎን የማስመለሻ ቃላት ለጥቂት ጊዜ ያቆዩ።