የአርክቴክቸር ተማሪን እጁን ጭቃ አስነክቶ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ዘላቂ ግንባታን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማርኩት በፕሮጀክተር ነው። 60 ስላይድ ነበረኝ። ሣር የበቀለበት ጣሪያ፣ ሶላር፣ አረንጓዴ ቀስቶች። ተማሪዎቹ ፈተናውን ጥሩ አድርገው ሠሩ። በቀጣዩ ሴሚስተር ያመጡልኝ ዲዛይን ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ የመስታወት ሕንፃ ነበር። ከሰዓት በኋላ ውስጡ ሰው የሚቀቀልበት ዓይነት። ከዚያ ወዲህ ስላይዱን ትቼ አፈር ይዤ እገባለሁ። አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ፣ ጥቂት ሲሚንቶና አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

ከወራቱ ጀምሩ

አፈር የሬጅስትራርን ካላንደር አያውቅም። ጡብ የሚመረተው በበጋ ነው። እኔ የአፈር ምርመራውን ጥቅምት ላይ፣ የጡብ ሥራውን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ግንባታውን የካቲት ላይ አደርጋለሁ። የበልግ ዝናብ ድንገት ሊመጣ ስለሚችል ሸራ ይዘጋጅ። ክረምቱን ግድግዳው ብቻውን ያሳልፈዋል። ውጤት የሚሰጠውም ያኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

እያንዳንዱ ከሰፈሩ አፈር ያምጣ

ግማሽ ጆንያ ይበቃል። ሥርና ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈር አይሆንም፤ ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ከዚያ በታች ያለው ይወሰድ። አንዱ ከቦሌ በኩል ጥቁር ዋልካ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ከእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር። ክርክሩ እዚያው ይጀመራል።

ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ባዶ ሃይላንድ ወስዳችሁ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉበት። ትንሽ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይሰፍራል፣ ደለሉ ቀስ ይላል፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ንብርብሩን በማስመሪያ መለካት ነው። በማሽን ተጭኖ ለሚሠራ የአፈር ጡብ አሸዋና ጠጠሩ 65 በመቶ፣ ሸክላው 20 በመቶ አካባቢ ቢሆን ደስ ይላል።

ቀጥሎ ቋሊማው። አፈሩን አርሳችሁ አሹትና 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቋሊማ ሥሩ። ከጠረጴዛው ጠርዝ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ግፉት። 5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተቆረጠ አሸዋው በዝቷል። ከ15 ካለፈ ሸክላው በዝቷል።

የመጨረሻው ሳጥኑ ነው፤ ተማሪዎቼ የድመት ሬሳ ሳጥን ይሉታል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። እርጥብ አፈር ጠቅጥቃችሁ አድርቁት። ዋልካው ተሰነጣጥቆና ከጫፉ ሸሽቶ ታገኙታላችሁ። በዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ለምን ግድግዳው እንደሚሰነጠቅ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ለጭቃ ቤት ጭድ የሚገባው ለምን እንደሆነም ራሳቸው ይደርሱበታል፤ አንድ ተማሪ የጤፍ ጭድ ቀላቅሎ ስንጥቁን ሲያሳንሰው ያያሉና።

ጡቡን ምቱ

በእጅ የሚሠራው የጡብ መጫኛ ማሽን ሲንቫ ራም ይባላል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ ነው የተፈለሰፈው። ሳጥን፣ ክዳንና ረጅም ማንሻ ዘንግ ነው፤ ጎበዝ ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ከሌላችሁ በእንጨት ፎርማ ተራ የጭቃ ጡብ ምቱ፤ ትምህርቱ አይጓደልም።

አፈሩን በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ። ሲሚንቶውን ከደረቁ አፈር ጋር መጀመሪያ አዋህዱት፣ ውሃው በኋላ ይመጣል። የውሃውን ልክ ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ድቡልቡል አድርጉና ከደረት ከፍታ ልቀቁት። ጥቂት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ብትንትን ካለ ደርቋል፤ እንደ ቂጣ ከተለጠፈ ውሃ በዝቶበታል።

ስሌቱን እዚህ ጋ አስገቡ። 29.5 በ14 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጡብ 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 6 በመቶ ሲሚንቶ ከገባበት አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 119 ያህል ጡብ ይወጣዋል። ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 33 ጡብ ይበቃል። አሁን ሲሚንቶውን ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርገው ያስሉት። ሲሚንቶ በ1,450 ዲግሪ ገደማ እንደሚቃጠል፣ ከዓለም የካርቦን ልቀት 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆነውም ከእሱ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ንገሯቸው። ቁጥሩ በራሳቸው ጡብ በኩል ሲመጣ ይገባቸዋል።

ከተመታ በኋላ ያለው እንክብካቤ ነው የሚረሳው። ጡቡ ጥላ ውስጥ፣ በላስቲክ ወይም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ሥራ ላይ የሚውለው በ28ኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለገና ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። ስንመለስ 200 ጡብ በአውራ ጣት እየተፈረፈረ ጠበቀን። አሁን በዓልም ቢሆን ተረኛ አለ፣ ስሙም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ግንበኛ አስተምሩበት

እኔ ውሃ ልክ መያዝ እችላለሁ፣ ቱንቢ ማውረድም አያቅተኝም። ግን ግንበኛ አይደለሁም። ስለዚህ ለሦስት ቀን አንድ ልምድ ያካበተ ግንበኛ እቀጥራለሁ። ክፍያው ችግር ነው፤ አንድ ጊዜ ፋይናንስ የዲግሪ ኮፒ ጠይቆብናል። ቢሆንም ያዋጣል። አንዲት ተማሪ ማዕዘኑ ላይ የጡብ ሩብ የሚገባበት ቆንጆ ስዕል ይዛ መጣች። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ይቺን ማን ይቆርጣታል?» አሏት። «ጋሼ፣ ማሽን የለም እንዴ?» አለች። ሳቁ። እሷም ስዕሉን በጡቡ ልክ ደግማ ሠራችው።

አራት ትንንሽ ግድግዳ ይሠራ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ስፋት ይኑረው። አንዱ ሲሚንቶ ባለው ጡብ፣ አንዱ ሲሚንቶ በሌለው ጡብ፣ አንዱ በማገርና በጭቃ፣ አራተኛው ለማወዳደሪያ በብሎኬት። ከሁሉም ሥር 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መሠረት ይሁን። ግማሽ ጎናቸውን ብቻ ወጣ ባለ ቆርቆሮ ክደኗቸው፣ ሌላው ግማሽ ክፍት ይቅር።

ግድግዳው እስኪደርቅ ምሳሌ ለማሳየት ጊዜ ይኖራል። ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ ከስዊዘርላንዱ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ጋር የሠራት ሱዱ የተባለች ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት አለች፤ ምድር ቤቷ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ላይኛው የአፈር ጡብ ነው። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በ2001 እ.ኤ.አ. በቡርኪናፋሶዋ ጋንዶ የሠራው ትምህርት ቤት ደግሞ ቆርቆሮው ከጡቡ ኮርኒስ በላይ ከፍ ብሎ ሙቁ አየር በመሃል እንዲወጣ ያደርጋል። ኬሬ በ2022 የአርክቴክቸር ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ አግኝቷል። ከዶርዜ የቀርከሃ ቤት ግን የሚበልጥብኝ የለም። ምስጥ ታቹን ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም። ዕድሜን አስቀድሞ ያሰበ ዲዛይን ማለት ያ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ አጭር ነው፤ ግቢው መሃል አንድ ዘንግ ትከሉ። ሰኔ ላይ የአዲስ አበባ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን። የአውሮፓን መጽሐፍ ገልብጦ «ደቡብን ብቻ ጋርድ» የሚል ተማሪ ዘንጉ ሥር ይቁም።

ከክረምት በኋላ

ጥቅምት ላይ አዲሶቹን ተማሪዎች ወደ ግድግዳው ውሰዷቸው። የትኛው ምን እንደሆነ አትንገሯቸው። ሚስማርና ማስመሪያ ስጧቸው፤ የተሸረሸረውን ይለኩ፣ በሚስማሩ ይፋቁ፣ ቅንብሩን ይገምቱ። የአምናዎቹ ተማሪዎችም ይምጡና መልስ ይስጡ። ብዙ ጊዜ ሁለቱን የሚያስገርማቸው አንድ ነገር ነው፤ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሲሚንቶ አልባ ጡብ ከነጠርዙ ይገኛል።

በመጨረሻ አፍርሱት። ሲሚንቶ የሌለበትን ጡብና ጭቃውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ በሳምንቱ ለዘንድሮ ሥራ የሚሆን አፈር ይሆናል። ሲሚንቶ ያለበት አይሟሟም። እሱን ሰባብራችሁ ለመተላለፊያው ንጣፍ አድርጉት።