የቢሮ ሶፍትዌርን ወደ አዲስ ስሪት ለማሸጋገር ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ የማይክሮሶፍት ኦፊስ ስሪት በወጣ ቁጥር የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው አዲሱ ከአሮጌው ይበልጣል ወይስ አይበልጥም በሚለው ላይ ነው። ይህ ጥያቄ ለውሳኔ እምብዛም አይጠቅምም፤ አዲሱ በአንዳንድ ነገር መብለጡ ቀድሞውንም የታወቀ ነውና። መልስ የሚያሻቸው ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ አሁን የያዝነው ስሪት የደህንነት ጥገና የሚያገኘው እስከ መቼ ነው? በእጃችን ካሉት ፋይሎችና በእነርሱ ላይ ከቆሙት ሥራዎች መካከልስ ያለ አሮጌው ስሪት የማይሄደው የትኛው ነው? ቀጥሎ የሚነሡት ስህተቶች በአብዛኛው ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን በመዝለል የሚፈጠሩ ናቸው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሮጌው ስሪት እስከሠራ ድረስ ደህና ነው ብሎ ማሰብ

የድጋፍ ጊዜው ያበቃ ስሪት በዚያው ቀን ሥራውን አያቆምም። ዎርድ እንደ ትናንቱ ይከፈታል፣ ኤክሴልም እንደ ትናንቱ ይደምራል፤ የሚቋረጠው በየወሩ ሲመጣ የነበረው የደህንነት ጥገና ስለሆነ ጉድለቱ ለዓይን አይታይም። ኦፊስ 2010 ይህን ጥገና ማግኘት ያቆመው ኦክቶበር 13 ቀን 2020፣ ኦፊስ 2013 ደግሞ ኤፕሪል 11 ቀን 2023 ነው። ኦፊስ 2016 እና ኦፊስ 2019 ግን ድጋፋቸው ያበቃው በአንድ ቀን፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ስለዚህ ከ2016 ይልቅ 2019ን የመረጠ ሰው፣ በስሙ በሦስት ዓመት የሚቀድም አዲስ ስሪት ቢይዝም፣ በድጋፍ ጊዜ ረገድ አንድም ቀን አላተረፈም። ስሪት መመዘን ያለበት በስሙ ላይ በተጻፈው ዓመት ሳይሆን ድጋፉ በሚያበቃበት ቀን ነው።

አደጋውን በደምሳሳው ከመግለጽ አንድ የታወቀ ጉዳይ ማንሣት ይሻላል። በዎርድ ውስጥ የሒሳብ ቀመሮችን ለመጻፍ የሚያገለግል፣ በ2000 ተዘጋጅቶ ከዚያ ወዲህ ከስሪት ወደ ስሪት ሲተላለፍ የኖረ አንድ ትንሽ የፕሮግራሙ ክፍል ነበር። በኖቬምበር 2017 ይፋ እንደሆነው፣ በተንኮል የተዘጋጀ ሰነድ ሲከፈት ይህ ክፍል አጥቂው የፈለገውን ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ እንዲያስፈጽም በር ይከፍት ነበር፤ ለዚህም ተጠቃሚው ማክሮ (በሰነዱ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) መፍቀድ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ቀዳዳው ከኦፊስ 2007 እስከ ኦፊስ 2016 ያሉትን ስሪቶች ሁሉ የሚመለከት ስለነበረ፣ በዚያን ጊዜ ሰውን ያዳነው የስሪቱ አዲስነት ሳይሆን ጥገናው መድረሱ ነው። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2018 ክፍሉን ጨርሶ ስላስወገደው፣ በእርሱ የተጻፉ አሮጌ ቀመሮች ቢታዩም በዚያው መሣሪያ ሊታረሙ አይችሉም። ጥገና ራሱ አንዳንድ ጊዜ የለመዱትን ነገር ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ይሁንና ይህን ምክንያት አለቦታው መጥቀስም ስህተት ነው። ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ፣ ከውጭ የመጣ ፋይል የማይከፈትበት፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጽፍበት ኮምፒውተር በየቀኑ ከማይታወቁ ሰዎች የኢሜይል አባሪ ከሚቀበል ኮምፒውተር ጋር እኩል አይሰጋም። ለመጀመሪያው መዘግየት የሚቻል ሲሆን፣ ለሁለተኛው ግን በእኔ አስተያየት የሚያከራክር ጉዳይ የለም።

ፕሮግራሙ ሲታደስ ፋይሉም ይታደሳል ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ኦፊስ 2007 አዲስ የፋይል ቅርጽ ይዞ ሲመጣ የኤክሴል አንድ ሉህ የሚይዘው የረድፍ ብዛት ከ65,536 ወደ 1,048,576፣ የዓምድ ብዛት ደግሞ ከ256 ወደ 16,384 ከፍ አለ። ነገር ግን በአሮጌው ኤክስኤልኤስ (xls) ቅርጽ የተቀመጠ ፋይል የቱንም ያህል አዲስ በሆነ ኤክሴል ቢከፈት አሮጌውን ወሰን እንደያዘ ይቆያል። በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር 2020 መጀመሪያ በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች ለበርካታ ቀናት ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ የቀሩት፣ ከላቦራቶሪዎች የሚመጣው መረጃ በዚህ አሮጌ ቅርጽ ውስጥ እንዲገባ በመደረጉና ከወሰኑ ያለፈው ረድፍ በመቆረጡ ነበር። አዲሱ ቅርጽ በዚያን ጊዜ ከወጣ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ ከመሸጋገሩ በፊት በየትኛው ቅርጽ ስንት ፋይል እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ፋይሉ ሲከፈት በመስኮቱ አናት ከስሙ አጠገብ የተኳኋኝነት ሁኔታ የሚል ምልክት ከታየ ሰነዱ አሁንም በአሮጌው ቅርጽ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ግድ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚሠራባቸውን መቀየር፣ ለማኅደር ብቻ የተቀመጡትን ደግሞ እንዳሉ መተው ይቻላል። ሲቀየሩም ዋናውን ቅጂ ማስቀረት ይገባል።

የዚህ ስህተት ሌላ ገጽታ የሚታየው ፋይል በሚለዋወጡ ሰዎች መካከል ነው። ኤክስሉክአፕ (XLOOKUP) የሚባለው፣ ከሠንጠረዥ ውስጥ የተፈለገውን ፈልጎ የሚያመጣ የኤክሴል ተግባር በኦፊስ 2021 አለ፣ በኦፊስ 2019 ግን የለም። አዲሱን ስሪት የያዘው ሠራተኛ በዚህ ተግባር የሠራውን ሠንጠረዥ በ2019 ለሚጠቀም ባልደረባው ሲልክ፣ ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ ትክክል ሆነው ይታያሉ፤ ሴሉ እንደገና ሲሰላ ነው ውጤቱ ጠፍቶ የስህተት ምልክት የሚተካው። መጀመሪያ ትክክል መስሎ መታየቱ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ፋይሉ ብዙ እጅ ከዞረ በኋላ ነውና። አንድ ሠንጠረዥ አምስት ሰዎች ከተቀባበሉት፣ መሸጋገርም አለመሸጋገርም የአምስቱ የጋራ ውሳኔ ሊሆን ይገባል።

ማክሮዎችንና ተጨማሪ ፕሮግራሞችን መርሳት

በአንድ ወቅት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የወሩን ሪፖርት የሚያወጣ አንድ ማክሮ ነበር። ማን እንደጻፈው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሪፖርቱ ስለሚወጣ የጠየቀም የለም። ኦፊሱ የታደሰው በወሩ አጋማሽ ስለነበረ ለሁለት ሳምንት ሁሉም ደስተኛ ነበር። በወሩ መጨረሻ ቁልፉ ሲጫን የወጣው ሪፖርት ሳይሆን የስህተት መልእክት ነበር። ችግሩ የመጣው ከስሪቱ አዲስነት ሳይሆን አዲሱ ኦፊስ እንደ ቀድሞው በ32 ቢት ሳይሆን ብዙ ማኅደረ ትውስታ መጠቀም በሚችለው በ64 ቢት ዓይነት በመጫኑ ነው።

ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ነው። ባለ64 ቢት ኦፊስ የጀመረው በ2010 ሲሆን፣ ከኦፊስ 2019 ወዲህ ደግሞ ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ በስተቀር በቀጥታ የሚጫነው እርሱ ነው። የዊንዶውስን የውስጥ ተግባራት በቀጥታ የሚጠሩ አሮጌ ማክሮዎች በ64 ቢት ላይ እንዲሠሩ የጥሪ መስመሮቻቸው እንደገና መጻፍ አለባቸው፤ ለ32 ቢት የተሠሩ አድኢኖች (በኦፊስ ላይ የሚጨመሩ ፕሮግራሞች)ና የቅጽ መቆጣጠሪያዎችም በዚያ አይሠሩም። መውጫው ቀላል ነው፦ ባለ32 ቢቱ ኦፊስ አሁንም ስለሚገኝ ከመጫን በፊት እርሱን መምረጥ ይቻላል። ከተጫነ በኋላ ግን ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ጎን ለጎን ስለማይቀመጡ፣ ለመለወጥ የመጀመሪያውን ማራገፍ ግድ ይሆናል። ግዙፍ ሠንጠረዥ የሌለውና አሮጌ ማክሮ የበዛበት ቢሮ በ32 ቢት ቢቆይ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው።

ከማክሮ ሌላ የሚታዩ ነገሮችም አሉ። በአክሰስ 97 የተሠራ የመረጃ ቋት ከ2013 ወዲህ ባሉት የአክሰስ ስሪቶች አይከፈትም፤ አስቀድሞ በመካከለኛ ስሪት መለወጥ አለበት። ኢሜይልን ከሒሳብ ወይም ከማኅደር ፕሮግራም ጋር የሚያያይዙ አሮጌ የአውትሉክ አድኢኖች አብዛኞቹ አዲሱ አውትሉክ በማይቀበለው ኮም በተባለ አሠራር የተሠሩ ናቸው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል የያዘው ማክሮ ራሱ በራሱ ይታገዳል። ይህ ተገቢ ጥበቃ ቢሆንም፣ ቅጾቹን በኢሜይል ለሚቀበል ቢሮ ግን አንድ ቀን ጠዋት ሥራ የቆመ ያስመስለዋል።

የሚጨመረውን አንብቦ የሚቀነሰውን አለማንበብ

ማስታወቂያው የሚናገረው ስለሚጨመረው ብቻ ነው። በ2024 ለድርጅቶች በወጣው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ኦፊስ ውስጥ ፓብሊሸር የተባለው የኅትመት ማዘጋጃ ፕሮግራም የለም፤ ማይክሮሶፍትም የፓብሊሸር ድጋፍ ኦክቶበር 2026 ላይ እንደሚያበቃ አስታውቋል። በራሪ ጽሑፎቹንና የምስክር ወረቀቶቹን ለዓመታት በፓብሊሸር ሲያዘጋጅ የኖረ ቢሮ ይህን የሚያውቀው አሮጌውን ካራገፈ በኋላ ከሆነ፣ ፋይሎቹን የሚከፍትበት መሣሪያ አያገኝም። ከተቻለ ቀደም ብሎ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ፣ ገና የሚታረሙትንም በሌላ ፕሮግራም እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል።

የአንድ ጊዜ ግዢንና የደንበኝነት ክፍያን በዋጋ ብቻ ማወዳደር

በአንድ ጊዜ ክፍያ የተገዛ ኦፊስ የደህንነት ጥገና ያገኛል እንጂ ከግዢው በኋላ የሚመጡ አዳዲስ ተግባራትን አያገኝም፤ ለሚቀጥለው ስሪትም መብት አይሰጥም። በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ማይክሮሶፍት 365 ደግሞ አዲሱን ሁልጊዜ ያመጣል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ግን ሰነድ መክፈትና ማተም እንጂ ማረም አይቻልም። ሁለቱን ሲያወዳድሩ የአንድ ጊዜውን ዋጋ ለስንት ዓመት ማካፈል እንደሚገባ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኦፊስ 2021 ድጋፍ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ የኦፊስ 2024 ደግሞ ኦክቶበር 9 ቀን 2029 ላይ ያበቃል። የእያንዳንዳቸው የድጋፍ ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ሶፍትዌሩ ከወጣበት ጊዜ እንጂ ገዢው ገንዘቡን ከከፈለበት ቀን አይደለም፤ በመሆኑም በቅናሽ የተገኘ አሮጌ ስሪት ለቀረው ጊዜ ሲካፈል ከአዲሱ ይልቅ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ነጻ የሆነው ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ሶፍትዌር ላይ ስሌቱ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ነገር ግን አዲስ ዋና ስሪት በየስድስት ወሩ ስለሚወጣና አንዱ ስሪት ጥገና የሚያገኘው ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ አንዴ ጭኖ ለአምስት ዓመት መርሳት አይቻልም። በወጣበት ሳምንት ከመጫን ይልቅ ጥቂት የእርማት ስሪቶች እስኪከተሉት መጠበቅ ለቢሮ ሥራ ይመረጣል።

በቀላል ፋይል መሞከር

ብዙ ሰው ሙከራ ሲያደርግ የሚከፍተው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደህና ከተከፈተ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ሙከራ መደረግ ያለበት በከባዱ ፋይል ነው፦ ብዙ የግርጌ ማስታወሻና ሠንጠረዥ ያለበት ረጅም ሰነድ፣ ከሌሎች ፋይሎች ጋር የተያያዘ ትልቁ ሠንጠረዥ፣ ስሞችን ከዝርዝር እየወሰደ ብዙ ደብዳቤ የሚያወጣው ሰነድ፣ እንዲሁም በቢሮው ያለው እጅግ አሮጌው ፋይል። ተከፍተው መታየታቸው ብቻ አይበቃም፤ ታርመው፣ ተቀምጠው፣ ታትመው ከቀድሞው ኅትመት ጋር ይተያዩ።

በኅትመቱ ላይ የፊደል ቅርጽ ለውጥም ሊታይ ይችላል። ዎርድ ለአዲስ ሰነድ የሚሰጠው የፊደል ቅርጽ በኦፊስ 2007 ከታይምስ ኒው ሮማን ወደ ካሊብሪ፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ወደ አፕቶስ ተለውጧል። የቀድሞ ሰነዶች የያዙትን እንደያዙ ስለሚቆዩ በዚህ አይነኩም። አዲሱ ሰነድ ግን አፕቶስ ወደሌለው ኮምፒውተር ሲላክ በሌላ ቅርጽ ይተካና መስመሮቹ ይንሸራተታሉ፤ በአንድ ገጽ ያለቀው ውል ፊርማው ብቻ ወደ ሁለተኛው ገጽ ሊሻገር ይችላል። በቢሮው አብነት ላይ አንድ የታወቀ የፊደል ቅርጽ መወሰን ይህን ያስቀራል።

ስርዓተ ክወናውን፣ ጊዜውንና አሮጌውን ስሪት ችላ ማለት

ኦፊስ 2019 እና ከእርሱ ወዲህ ያሉት የዊንዶውስ ስሪቶቻቸው ከዊንዶውስ 10 በታች አይጫኑም፤ ስለዚህ የኦፊስ ውሳኔ የተባለው አንዳንድ ጊዜ የኮምፒውተር መግዣ ውሳኔ ሆኖ ይገኛል። የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን መሸጋገርም ሆነ ሁሉንም ኮምፒውተር በአንድ ቀን መቀየር ማብራሪያ የማያሻቸው ስህተቶች ናቸው።

«ለጊዜው እንቆይ» የሚለው ውሳኔ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ቀን ሳይቆረጥለት መቅረቱ ነው። መቆየት የመረጠ ቢሮ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ለምን እንደሚቆይና በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ሊያስተካክል እንዳሰበ በጽሑፍ ቢያስቀምጥ፣ የድጋፉ ማብቂያ ቀን ሲደርስ ክርክሩን ከመጀመሪያው አይጀምርም። የሚሸጋገረውም ቢሆን አሮጌውን ከሁሉም ኮምፒውተር ለማጥፋት መቸኮል የለበትም፤ አንድ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ተነጥሎ፣ አሮጌው ስሪትና የመጫኛው ቁልፍ ተጠብቀው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት እስኪዞር ቢቆይ፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈቱት ፋይሎች ተራቸው ሲደርስ የሚከፈቱበት ቦታ ይኖራቸዋል።