በአሜሪካ ስቴቶች ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብ የታክስ ጥያቄ እንዴት ይነበባል?

የኖቬምበር ምርጫ ሲደርስ የምንሞላው የድምፅ መስጫ ወረቀት በተወዳዳሪዎች ስም ይጀምራል፤ ታክስን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ስለሚቀመጡ መራጩ እዚያ የሚደርሰው ደክሞት ነው። የቤት ታክስ የከበደበት ሰው «ታክስ» የሚለውን ቃል እንዳየ «አይ» ላይ ምልክት ያደርጋል፤ «ለትምህርት ቤት» የሚል ያነበበ ደግሞ «አዎ» ይላል። ሁለቱም ከልባቸው ፍላጎት ተቃራኒ የሆነውን መርጠው ሊሆን ይችላል። ይህ በእጅጉ ያሳስበኛል፤ በተወካይ ሳይሆን በገዛ እጃችን ሕግ ከምናወጣባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነውና።

አስቀድሞ መጣራት ያለበት «አዎ» የሚለው መልስ ምን እንደሚያስከትል ነው። በ2024 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዋሽንግተን ስቴት መራጮች ኢኒሺዬቲቭ 2109 የተባለ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ጥያቄው የስቴቱ ምክር ቤት በ2021 ያወጣውን፣ ከአክሲዮን፣ ከቦንድና ከመሳሰሉት ሽያጭ በሚገኝ ከፍተኛ ትርፍ ላይ የሚከፈለውን የ7 በመቶ ታክስ የሚሰርዝ ነበር። ስለዚህ «አዎ» ታክሱ ይቅር፣ «አይ» ደግሞ ታክሱ ይቆይ ማለት ነበር፤ መራጩም በሰፊ ልዩነት «አይ» ብሎ አቆየው። ይህ ታክስ የቤት ሽያጭን አይነካም፤ በቤት ታክሱ ተማርሮ ድምፅ የሰጠ ሰው ያልተጠየቀውን ጥያቄ መለሰ ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከመሙላትዎ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ይጻፉ፤ አንዱ «አዎ ካሸነፈ ይህ ይለወጣል»፣ ሌላው «አይ ካሸነፈ ይህ እንዳለ ይቀጥላል» የሚል ይሁን። ሁለቱን መጻፍ ካቃተዎት ጥያቄውን ገና አልተረዱትም።

ቀጥሎ ታክሱ በማን ላይ፣ ከየትኛው የገቢ መጠን በላይ እንደሚያርፍ ይመልከቱ። የማሳቹሴትስ መራጮች በ2022 ያጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዓመታዊ ገቢ ላይ 4 በመቶ ጨመረ። ጭማሪው የሚታሰበው ከሚሊዮኑ በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው፤ ታክስ የሚከፈልበት ገቢው 1,100,000 ዶላር የሆነ ሰው በዚያ ስሌት ተጨማሪ የሚከፍለው 4,000 ዶላር ነው። ጭማሪው የሚጀምርበት ወለል (የአንድ ሚሊዮኑ መነሻ) ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ ከፍ እንዲልም ተደንግጓል። ይሁንና ዕድሜውን ሙሉ መጠነኛ ገቢ የነበረው ነጋዴ፣ ድርጅቱን በሚሸጥበት በአንዱ ዓመት ብቻ ወለሉን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ራስዎን ሲያሰሉ የዘንድሮውን ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ወደፊት የሚሸጡትንም ያስቡ።

ድምሩን የሚገልጸው ቁጥር ደግሞ ያስደነግጣል። በኮሎራዶ ከ1992 ጀምሮ በጸናው የሕገ መንግሥት ድንጋጌ መሠረት ታክስ የሚጨምር ማንኛውም ጥያቄ በመራጮች መጽደቅ አለበት፤ የጥያቄው መክፈቻም ታክሱ በዓመት በስንት ዶላር እንደሚጨምር መናገር ይኖርበታል። ያ ቁጥር ከመላው ስቴት የሚሰበሰበው ነው እንጂ ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው አይደለም። የእርስዎን ድርሻ ለማወቅ የታክሱን መጣኔ በራስዎ ገቢ ወይም ወጪ ያባዙ።

አብዛኞቻችን «ታክስ እየጨመረ ነው» ስንል የምናስበው የቤት ታክስን ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሞርጌጅ ወርሃዊ ክፍያዎ ከፍ ካለ ምክንያቱ የታክሱ መጣኔ መጨመር፣ የቤቱ ግምት መጨመር ወይም ከናካቴው ታክስ ሳይሆን የመድን ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ከካውንቲው የተላከውን የግምት ማስታወቂያ ካለፈው ዓመት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያ በ1978 ባጸደቀችው ፕሮፖዚሽን 13 መሠረት መሠረታዊው የቤት ታክስ ከተገመተው ዋጋ ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስም ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ይህ ነባሩን ባለቤት ከድንገተኛ ጭማሪ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ቤት ያላቸው ጎረቤታሞች፣ አንዱ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሌላው አምና ስለገዛ ብቻ፣ እጅግ የተራራቀ ታክስ ይከፍላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ወጣት ቤት ገዢዎች እንዲህ ያለ ገደብ ሲቀርብላቸው ይህን ሁለተኛ ገጽታ ሳያዩ መወሰን የለባቸውም። የጆርጂያ መራጮችም በ2024 የመኖሪያ ቤት ግምት ጭማሪን ከዋጋ ንረት ጋር የሚያስተሳስር ማሻሻያ አጽድቀዋል፤ ሆኖም ካውንቲዎች፣ ከተሞችና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች እስከ ማርች 1 ቀን 2025 ከገደቡ መውጣት ይችሉ ስለነበር፣ «አዎ» ያለ ሰው ጥቅሙን ማግኘት አለማግኘቱ የተመሠረተው በሚኖርበት አካባቢ ውሳኔ ላይ ነበር።

ገንዘቡ የት ይገባል የሚለውንም በጥንቃቄ ያንብቡ። የማሳቹሴትሱ ማሻሻያ ገቢውን ለትምህርትና ለመጓጓዣ ቢመድብም ምክር ቤቱ በበጀት ሲያጸድቀው የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። አዲሱ ገንዘብ በነባሩ በጀት ላይ ይጨመራል ወይስ ነባሩ ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል የሚለውን ለመረዳት የጥያቄውን ሙሉ ጽሑፍ ማየት ግድ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በኮሎራዶ፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ስቴቶች ለመራጮች የሚዘጋጀው የመንግሥት መጽሔት የገንዘብ ግምገማ ይዟል፤ በፖስታ ቤት ከሚመጣው የቅስቀሳ ወረቀት በፊት እርሱን ያንብቡ።

በሌላ ቋንቋ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ አማርኛን አይጨምርም። ነገር ግን ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል ዜጋ የመረጠውን ረዳት ይዞ ድምፅ መስጫ ክፍል እንዲገባ ሌላው የፌዴራል ድንጋጌ ይፈቅዳል፤ ረዳቱ ግን የመራጩ አሠሪ፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ መሆን የለበትም። ወላጆችን ይዞ የሚሄድ ልጅ የናሙናውን ወረቀት ከቀናት በፊት እቤት አብሯቸው ቢያነብ መልካም ነው፤ ያኔ ውሳኔው የራሳቸው ይሆናል።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ካልተረዱት ጥያቄውን ባዶ መተው ይፈቀዳል፤ የቀረው ድምፅዎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የስቴትዎን ደንብ አስቀድመው ይወቁ፤ በሚኒሶታ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚጸድቀው በምርጫው ድምፅ ከሰጡት ሁሉ ከግማሽ በላይ «አዎ» ሲሉ ስለሆነ፣ ባዶ የተተወ ጥያቄ እንደ «አይ» ይሆናል።